ትልቅ ጎማ ከመግጠማችሁ በፊት ጠመኔ ቀቡ

ለደላንታ ኮረኮንች ብላችሁ የድሮ ፕራዶአችሁን ጎማ ከ265/70 ወደ 265/75 ባለ 16 ልታሳድጉ ነው? መኪናውን ከፍ ሳታስደርጉም ሊገባ ይችላል። ችግሩ መሪ ሲዞር ፓራፋንጎ (የጎማውን መከለያ) መንካቱ ነው። በግምት ግን አትቁረጡ። የፓራፋንጎውን ውስጥ በእርጥብ ጠመኔ ቀቡት። ሲደርቅ አንዱን የፊት ጎማ ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ አውጡና መሪውን ግራና ቀኝ እስከ መጨረሻው አዙሩ። ጠመኔው የተጠረገበትን ፕላስቲክ ብቻ ቁረጡ፤ ጣት የሚያህል ሊሆን ይችላል። ሜዳ ላይ የማይነካ ጎማ የደሴ ዳገት ላይ ተጭኖ ሲታጠፍ የሚነካው ሞላው ስለሚጨመቅ ነው። ድንጋዩ ያንን ቀድሞ ያሳያችኋል።

የነካው ብረት ወይም የፍሬን ቱቦ ከሆነ ግን በፍጹም አትሞክሩት፣ የድሮውን ጎማ መልሱ። ደግሞ ቆጣሪው በፊት 80 ይል በነበረበት ፍጥነት አሁን 77 ገደማ ነው የሚለው። ከሚያሳየው በላይ እየፈጠናችሁ ነውና ወደ ኮምቦልቻ ስትወርዱ አደራ!