የሰፈር የዜና ቻናልን ነፃነትና ብዝኃነት ለመጠበቅ

ባለፈው ክረምት በአዲስ አበባ ዳርቻ በሚገኘው በቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ውኃ ጠፍቶ በሰነበተበት ጊዜ ስለ ጉዳዩ የጻፉ ሰባት የቴሌግራም ቻናሎችን ስልኬ ላይ ቆጥሬ ነበር። ሰባቱም «የመስመር ጥገናው በመፋጠን ላይ ይገኛል» የሚለውን አንድ ዓረፍተ ነገር ይዘው የወጡ ሲሆን፣ በአምስቱ ላይ «በመፋጠን» የሚለው ቃል «በመፋጠጥ» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ የመጀመሪያው ጸሐፊ ጣቱ ስቶ የሠራውን ስሕተት የተቀሩት አራቱ ሳያነቡ ቀድተውታል ማለት ነው። ከብሎኩ ሥር ቢጫ ጀሪካን ደርድረው ቦቴ ሲጠብቁ የዋሉትን እናቶች ያነጋገረ ግን አንድም አልነበረም።

የመገናኛ ብዙኃን ብዝኃነት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው የቻናሎችን ቁጥር ነው። በእኔ እምነት ብዝኃነት የሚለካው በራሱ እግር ሄዶ፣ በራሱ ጆሮ ሰምቶ የሚጽፍ ሰው ስንት ነው በሚለው ነው። ነፃነቱም ቢሆን በሕግ መጻፉ ብቻ አይበቃውም፤ የቻናሉ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ፣ ወጪውን ማን እንደሚሸፍን፣ መረጃ የሰጠው ሰው ምን ያህል እንደተጠበቀ በሚወስኑ ጥቃቅን ልማዶች ላይ የቆመ ነው። ከዚህ በታች የሰፈረው ምክር በከተማዋ ዳርቻ አነስተኛ የዜና ቻናል ወይም ገጽ ለሚያስተዳድሩ ሰዎች የተጻፈ ነው።

ከሁሉ በፊት የቆሙበትን መሬት ይወቁ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 29 ቅድመ ምርመራን (ሳንሱርን) ይከለክላል፤ በመንግሥት ገንዘብ የሚተዳደሩ መገናኛ ብዙኃንም የተለያዩ አስተያየቶችን ለማስተናገድ በሚያስችላቸው መንገድ እንዲመሩ ያዝዛል። የመገናኛ ብዙኃን አዋጅ ቁጥር 1238/2013 በ2017 ዓ.ም. ስለተሻሻለ ሁለቱን ጎን ለጎን ማንበብ ይገባል። ለአንድ የሰፈር ቻናል ይበልጥ የሚቀርበው ግን የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃን ለመከላከል የወጣው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ነው። በዚህ አዋጅ መሠረት ሐሰተኛ መረጃ ማሰራጨት እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር መቀጮ የሚያስከትል ሲሆን፣ የተሰራጨው ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ ገጽ ከሆነ ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። አምስት ሺህ ተከታይ ደግሞ ለአንድ ትልቅ የኮንዶሚኒየም ሳይት ቻናል ብዙ አይደለም፤ የውኃ ፈረቃ ብቻ እየለጠፈ እዚያ የሚደርስ አለ።

ይኸው አዋጅ ታዲያ ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ መውጫም አስቀምጧል። ተናጋሪው በነበረበት ሁኔታ የመረጃውን እውነተኛነት ለማረጋገጥ ተገቢውን ጥረት ካደረገ ንግግሩ በሐሰተኛ መረጃነት አይቆጠርም። ስለዚህ የማረጋገጫ መዝገብ ይያዙ። አንድ ተራ ደብተር ይበቃል፤ ወሬውን መጀመሪያ የሰሙበትን ሰዓት፣ ያነጋገሩትን ሁለተኛና ሦስተኛ ሰው፣ ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት የደወሉበትን ጊዜና የተሰጠውን መልስ፣ ስልክ ሳይነሣ ከቀረም ያልተነሣበትን ሰዓት በዕለቱ ይጻፉበት። ስማቸው እንዲገለጽ የማይፈልጉ ሰዎችን ግን በደብተሩ ላይ እንኳ በምልክት እንጂ በስም አያስፍሩ። እኔ ስጀምር ይህ ሥራ የቢሮክራሲ ልማድ መስሎኝ ነበር፤ ከስድስት ወር በኋላ ግን ደብተሩ ከጠበቃ በፊት ለራሴ ጽሑፍ እንደሚጠቅም አየሁ፤ ያልደወልሁበትን ቦታ ያሳየኛልና።

ቀጥሎ የሚመጣው የቁልፉ ጉዳይ ነው። የአንድ ጓደኛዬ ቻናል ከአራት ዓመት ልፋት በኋላ በአንድ ምሽት ተወስዶበታል። ስልኩን ታክሲ ውስጥ ሰረቁት፤ ሲም ካርዱን አውጥተው ሌላ ስልክ ላይ አስገቡትና የመግቢያ ኮዱ በአጭር መልእክት መጣላቸው፤ በማግሥቱ ጠዋት የሰፈሩ ሰው የቀብር ማስታወቂያ ሲጠብቅ የ«ዲጂታል ገንዘብ» ማስታወቂያ አነበበ። ይህን የሚከላከለው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ነው፤ በቴሌግራም ቅንብር ውስጥ ከግላዊነትና ደኅንነት ሥር ገብተው ከኮዱ በተጨማሪ የይለፍ ቃል እንዲጠየቅ ያድርጉ። ለሲም ካርዱም የራሱን የምስጢር ቁጥር ያውጡለት። የቻናሉን ባለቤትነት ለሌላ ሰው ማስተላለፍ የሚቻለው ይህ የይለፍ ቃል ከበራ ቢያንስ ሰባት ቀን ካለፈው በኋላ ስለሆነ፣ ችግር እስኪመጣ መጠበቅ አያዋጣም። ከባለቤቱ ሌላ ሁለት አስተዳዳሪዎች ይሹሙ፤ ሁለቱ በአንድ ቤት የማይኖሩ ቢሆኑ ይመረጣል። በኮምፒውተር ላይ በሚጫነው ቴሌግራም አማካይነት ደግሞ የቻናሉን ታሪክ ሙሉ በሙሉ አውርዶ ማስቀመጥ ስለሚቻል፣ በየወሩ አንድ ቅጂ በፍላሽ ይያዝ።

ምንጭን መጠበቅ ከዚህ ይከብዳል፤ ምክንያቱም በሰፈር ውስጥ ሁሉም ሰው ይተዋወቃል። የአንድ ግንባታ ጥበቃ የሆኑ አባት በሌሊት የተራገፈ ቆሻሻ ፎቶ ልከውልዎ «ልጄ፣ ስሜን እንዳታነሣብኝ» ቢሉ፣ ስማቸውን መተው ብቻውን አያድናቸውም። ፎቶው የተነሣበት አቅጣጫ በቀጥታ ወደ ጥበቃ ቤቱ መስኮት ሊያመለክት ይችላል። በተጨማሪም በስልክ የተነሣ ፎቶ ሰዓቱንና አንዳንዴም ቦታውን በውስጡ ይይዛል፤ ቴሌግራም ፎቶን እንደ ፎቶ ሲልኩት ይህን መረጃ የሚያስወግድ ቢሆንም፣ እንደ ፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ያልፋል። የመደበኛው ቴሌግራም ውይይት ከላኪ እስከ ተቀባይ የተመሰጠረ አለመሆኑንም ማወቅ ያስፈልጋል፤ የተመሰጠረው «ምስጢራዊ ውይይት» የሚባለው ብቻ ነው። ሲግናልና ዋትስአፕ ይህን ያለ ተጨማሪ ቅንብር ያደርጉታል። ከሁሉ የሚሻለው ግን እኚህን አባት ሄዶ በአካል ማነጋገር፣ ከዚያም ራስዎ ከሌላ አቅጣጫ ፎቶ ማንሣት ነው።

ብዝኃነትን በተመለከተ የከተማ ጫፍ የራሱ ፈተና አለው። ከእኛ ሳይት ትንሽ እንደተሄደ በ2015 ዓ.ም. የተመሠረተው የሸገር ከተማ አስተዳደር ይጀምራል። አንድ መንገድ ሁለት አስተዳደሮችን ሲያቋርጥ በአማርኛ የሚጽፈው ገጽ የወዲህኛውን፣ በአፋን ኦሮሞ የሚጽፈው ደግሞ የወዲያኛውን ነዋሪ ቅሬታ ብቻ ይዞ ይወጣል፤ ሁለቱም የጻፉት እውነት ሆኖ ሳለ አንባቢው የሚያውቀው ግማሽ መንገድ ነው። መፍትሔው አፋን ኦሮሞ አጥርቶ የሚጽፍ ሰው በአዘጋጅነት መያዝ ነው፤ ለትርጉም ብቻ ሳይሆን ርዕስ መርጦ እንዲመጣም ጭምር። በወር አንድ ጊዜ ያለፉትን ሠላሳ ዜናዎች ከፊት ዘርግተው ስንቱ ከመሥሪያ ቤት መግለጫ የተቀዳ፣ ስንቱ ከነዋሪ አፍ የተገኘ እንደሆነ ይቁጠሩ፤ ከነዋሪዎቹም መካከል ተከራዮች፣ የቀን ሠራተኞች፣ መሬታቸው ለግንባታ የተወሰደባቸው ገበሬዎች መኖራቸውን ይመልከቱ። እኛ መጀመሪያ ስንቆጥር ከሠላሳው ሃያ ሁለቱ መግለጫ ሆነው አግኝተናቸዋል፤ ሰባቱን ቻናሎች ለመተቸት የነበረኝ ድፍረት ያን ቀን ቀነሰ።

ገንዘብን በሚመለከት ምክሬ አጭር ነው፦ ማን እንደሚከፍል በግልጽ ይጻፉ። የቤት አሻሻጭ ደላላ በየሳምንቱ ማስታወቂያ የሚሰጥ ከሆነ ስለ ቤት ኪራይ የሚወጣው ዜና ሥር ይህ ይነገር። የአውሮፓ ኅብረት የመገናኛ ብዙኃን ነፃነት ሕግ፣ አብዛኛው ክፍሉ ከነሐሴ 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ተፈጻሚ የሆነው፣ የዜና ተቋማት ባለቤቶቻቸውን ለሕዝብ እንዲያሳውቁ ያስገድዳል፤ እኛን የሚያስገድደን ባይሆንም በቻናሉ መግለጫ ላይ ሁለት መስመር መጻፍ ወጪ የለውም።

ኢንተርኔት ሲቋረጥ ምን ይደረጋል? ሁለት ዓይነት መቋረጥ እንዳለ ልብ ይበሉ። በሰኔ 2012 ዓ.ም. እንደሆነው አገልግሎቱ በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ሲዘጋ ቪፒኤን (ግንኙነትን በሌላ ቦታ ባለ ሰርቨር በኩል አዙሮ እገዳን የሚያልፍ መተግበሪያ) ምንም አይፈይድም፤ ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተለይተው በተገደቡበት ጊዜ ግን ይሠራ ነበር። ለሁለተኛው ዓይነት ኡኒ ፕሮብ የተባለውን ነፃ መተግበሪያ በመጠቀም የትኛው ገጽ እንደታገደ መመዝገብ ይቻላል፤ ውጤቱ በይፋ የሚታተም ስለሆነ ከመጫንዎ በፊት የሚያስከትለውን አደጋ ያመዛዝኑ። ለመጀመሪያው ዓይነት ያለን የብሎኩ ማስታወቂያ ሰሌዳ፣ የእጅ ጽሑፍ፣ የእድሩ ለፋፊና የስልክ ጥሪ ነው። የየብሎኩን ተጠሪ ስልክ ቁጥር በወረቀት ጽፎ መያዝ እዚህ ላይ ይጠቅማል።

በመጨረሻም ከመግለጫ ጥገኝነት ለመላቀቅ የመረጃ ጥያቄን ይለማመዱ። በአዋጅ ቁጥር 590/2000 መሠረት ማንኛውም ሰው ከመንግሥት አካል መረጃ መጠየቅ የሚችል ሲሆን፣ መሥሪያ ቤቱ በ30 ቀናት ውስጥ ምላሽ መስጠት አለበት፤ ቅር የተሰኘ ሰው አቤቱታውን እስከ ሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ማድረስ ይችላል። «ውኃው መቼ ይመጣል?» ብለው አይጠይቁ፤ «በሐምሌና በነሐሴ ለሳይቱ የወጣው የፈረቃ ሠንጠረዥ ቅጂ ይሰጠኝ» ብለው በሰነድ ስም ይጠይቁ። ማመልከቻውን በሁለት ቅጂ ያዘጋጁና ከመዝገብ ቤቱ ከመውጣትዎ በፊት በእጅዎ በሚቀረው ቅጂ ላይ የገቢ ማኅተምና ቀን ያስደርጉ። እኔ የመጀመሪያውን ማመልከቻ ያለ ማኅተም ትቼ ወጥቼ ነበር፤ ከአንድ ወር በኋላ ስመለስ የመዝገብ ቤቷ ሠራተኛ በትሕትና «ወንድሜ፣ የገባ ደብዳቤ የለም» አለችኝ፤ ሠላሳው ቀንም እንደገና ከአንድ ተቆጠረ።