በመስከረም የጎፍ ደን ላይ ወፍና ነፍሳት ለማየት

ከኮምቦልቻ ወደ የጎፍ ደን የምትወጡ ከሆነ ጠዋት 12:30 ላይ ደኑ ጫፍ ድረሱ። ወፎች በብዛት የሚዘምሩትና የሚመገቡት ፀሐይ ሳትበረታ ነው። ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፤ ፊት ለፊት ከመጣች ወፉ ሁሉ ጥቁር ጥላ ይሆንባችኋል። ጥድና ወይራ ሥር 10 ደቂቃ ሳትነቃነቁ መቆም አንድ ሰዓት ከመዞር ይሻላል።

8 በ42 ባይኖኩላር (8 እጥፍ የሚያቀርብ፣ የፊት መስታወቱ 42 ሚሊ ሜትር የሆነ የሩቅ ማያ መነጽር) ይበቃል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ወፉን በባይኖኩላሩ ሲፈልግ ነው፤ መጀመሪያ በዓይን ያዙት፣ ከዚያ ዓይናችሁን ሳትነቅሉ ባይኖኩላሩን አንሱ። ቁራ ካያችሁ ማጅራቱን ተመልከቱ። ነጭ ካለበትና መንቆሩ ወፍራምና ጎባጣ ከሆነ፣ ያ በዓለም ላይ በአፍሪካ ቀንድ ብቻ የሚኖረው የደጋው ቁራ ነው፤ ደስ ይበላችሁ።

ነፍሳቱን ማየት ከጠዋቱ 3 ሰዓት ጀምሩ፤ ሰውነታቸው ሳይሞቅ እምብዛም አይበሩም። አደይ አበባው ፊት ቀስ ብላችሁ ተንበርከኩ። ጥላችሁ ካረፈበት ቢራቢሮዋ ትሄዳለች። ንብ የመሰለውን ሁሉ ንብ አትበሉ፦ ክንፉ ሁለት፣ ዓይኑ ፊቱን የሞላ፣ አንቴናው አጭር ከሆነ ዝንብ ነው። ንብ አራት ክንፍ አላት። የወፍ ጎጆ ካገኛችሁ ግን ራቅ በሉ፤ እናቲቱ ብርግግ ብላ ከተነሳች እንቁላሉ ይቀዘቅዛል።