ኮዱን ቀይራችሁ የድሮው ሲሠራ፦ የብዙ ሞጁል ማቨን ፕሮጀክት ችግሮችና መፍትሄዎች

ጃቫና ማቨን (የጃቫ ፕሮጀክት የሚገነባው መሣሪያ) በደንብ መጫናቸውን፣ ቨርዥናቸውንና የኢንተርኔት ግንኙነታችሁን አይታችኋል ብዬ ነው የምጀምረው። ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ትንንሽ የሶፍትዌር ቢሮዎች ቢልድ (ኮዱን ወደሚሠራ ፕሮግራም የመቀየሩ ሥራ) ተበላሸ ሲባል እየተጠራሁ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አብዛኛው ጥሪ አንድ ዓይነት ነው። ስለዚህ ሰፊውን ቦታ ለእሱ እሰጣለሁ፤ ሌላውን በአጭሩ አልፈዋለሁ።

ለማስረዳት አንድ ፕሮጀክት እንያዝ። ከላይ ፓረንት ፖም፣ ማለትም የሁሉም የጋራ የማቨን መመሪያ ፋይል፣ አለ። ከሥሩ ሦስት ሞጁሎች፣ ማለትም የፕሮጀክቱ ክፍሎች፣ አሉ፦ ስሌቱን የያዘው ኮር፣ ሪፖርት የሚያወጣው ሪፖርት፣ ተጠቃሚው የሚያየው ዌብ። ዌብ ሁለቱንም ይጠቀማል።

ምልክት፦ ኮር ላይ ያስተካከልኩት ዌብ ላይ አይታይም

ኢንተሊጄ (ኮድ የምንጽፍበት ፕሮግራም) ውስጥ ሲነሳ በትክክል ይሠራል። ከተርሚናል ሲነሳ ወይም ሰርቨር ላይ ሲጫን የድሮው ነው የሚሠራው። ኤረር የለም። ቢልዱም "ሰክሰስ" ይላል። ሰው የሚያደክመውም ይኸው ነው።

ምክንያቱን ላስረዳ። ብዙ ሰው ተርሚናል ይከፍትና ዌብ ፎልደር ውስጥ ገብቶ ማቨን ፓኬጅ (ሞጁሉን አሽጎ የሚያወጣው ትእዛዝ) ይላል። ማቨን ያን ጊዜ የሚያውቀው ዌብን ብቻ ነው። ኮር ከጎኑ ባለው ፎልደር ውስጥ መሆኑን አያይም። ኮርን የሚፈልገው እንደ ማንኛውም የውጭ ጃር (የታሸገ የጃቫ ኮድ ፋይል)፣ ነጥብ ኤም ሁለት (.m2) ከሚባለው፣ ኮምፒውተራችሁ ላይ ካለው የቤት ማከማቻ ነው። እዚያ ደግሞ ከሳምንታት በፊት ኢንስቶል (ጃሩን ማከማቻው ውስጥ የሚያስገባው ትእዛዝ) ስታደርጉ የተቀመጠው ጃር አለ። አገኘሁ ብሎ እሱን ይወስዳል። ኢንተሊጄ ግን ሁሉንም ሞጁል አንድ ላይ ስለከፈተ አዲሱን ኮድ ያያል። ልዩነቱ የመጣው ከዚህ ነው።

ስታዲየም አካባቢ አንድ ቢሮ ለሱቆች የሽያጭ ሶፍትዌር ይሠራል። አንድ ቀን እዚያ ተጠራሁ። ተጨማሪ እሴት ታክሱን፣ 15 በመቶውን፣ በየዕቃው ያጠጋጉ ነበር። ከዚያ በድምሩ ላይ እንዲጠጋጋ ኮርን ቀየሩት። ደረሰኙ ግን አሁንም በሳንቲም ይለያያል። አራት ቀን ስሌቱን ሲፈትሹ ከርመዋል። ዴቨሎፐሯ ዓይኗ ቀልቶ ነበር።

"ጋሼ፣ አምስት ጊዜ ክሊን አድርጌዋለሁ" አለችኝ።

"ኮዱን ተይው እህቴ። ሰርቨሩ ላይ ያለውን ጃር ክፈቺው" አልኳት።

የዌቡን ጃር ፈታችው። ከውስጡ የኮርን ጃር አወጣች። እሱንም ፈትታ የታክስ ስሌቱን ክላስ ፋይል ቀን አየች። ፋይሉ ከተሠራ ሦስት ሳምንት አልፎታል። ኮዱ የተቀየረው በዚያው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ነው። ሁለቱን ቀኖች ጎን ለጎን አይታ ለጥቂት ጊዜ ዝም አለች። ስሌቷ ከመጀመሪያውም ትክክል ነበር።

ከዚያ ወዲህ የትም ስጠራ መጀመሪያ የማደርገው ይህን ነው። ኮድ ከማንበቤ በፊት ጃሩን እፈታለሁ። ጃር የሚለውን ኮማንድ በቲ፣ በቪና በኤፍ (jar tvf) ብታሠሩት በውስጡ ያሉትን ፋይሎች ከነቀናቸው ይዘረዝራል። ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ማስጠንቀቂያ፦ ክሊን ይህን ችግር አይፈታም። ክሊን የሚያጠፋው የቢልዱ ውጤት የሚቀመጥበትን የታርጌት ፎልደር ነው። የቤት ማከማቻውን አይነካም። አሥር ጊዜ ክሊን ብትሉ ያው የድሮ ጃር ነው የሚመጣው።

መፍትሄው፦ ሁልጊዜ ፓረንት ፖም ካለበት ፎልደር አሠሩ። ያን ጊዜ ማቨን ሞጁሎቹን በሙሉ ያነባል፣ ማን ማንን እንደሚፈልግ ያያል፣ ቅደም ተከተሉን ራሱ ያወጣል። ሞጁሎቹን በፖሙ ላይ የጻፋችሁበት ተራ ግድ የለውም፤ ኮርን መጨረሻ ላይ ብትጽፉትም ዌብ ስለሚፈልገው ቀድሞ ይሠራዋል። ሙሉው ቢልድ ከረዘመባችሁ ደግሞ በፒ-ኤል (-pl) ዌብን ብቻ ምረጡና ኤ-ኤምን (-am) ጨምሩበት። ኤ-ኤም "የሚያስፈልጉትንም አብረህ ሥራ" ማለት ነው። ፒ-ኤልን ብቻውን ከጻፋችሁ ግን ወደ ድሮው ጃር ተመለሳችሁ። ኤ-ኤምን ሳይጨምሩ የሚያሠሩ ሰዎች ብዙ ጊዜ አጋጥመውኛል።

ሌላ ማስጠንቀቂያ፦ ስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ፕሮግራም መሥሪያ ማዕቀፍ) የምትጠቀሙ ከሆነ፣ ፕሮግራሙን የሚያስነሳውን ስፕሪንግ ቡት ረንን ከላይ ከኤ-ኤም ጋር ካሠራችሁት ኮር ላይም ሜን ክላስ (ፕሮግራሙ የሚጀምርበትን ክላስ) ይፈልግና ይወድቃል። ፓረንቱ ላይ የስፕሪንግ ቡት ፕለጊኑን (ማቨን ላይ የሚጨመረውን መሣሪያ) ስኪፕ ትሩ፣ ዌብ ላይ ፎልስ አድርጉት።

ከዚያ ማከማቻችሁ ውስጥ ገብታችሁ የራሳችሁን ግሩፕ ፎልደር (የድርጅታችሁ ጃሮች የሚቀመጡበትን) አጥፉት። የራሳችሁን ብቻ! ነጥብ ኤም ሁለትን በሙሉ የሚያጠፋ ሰው አለ። ከዚያ ሁሉንም ጃር እንደገና ሲያወርድ ይውላል፣ ዳታው ያልቃል፣ መሐል ላይ መብራት ይጠፋል። የራሳችሁን ብቻ ካጠፋችሁ፣ በሚቀጥለው ጊዜ ዌብ ውስጥ ገብቶ ፓኬጅ የሚል ሰው "ኮር አልተገኘም" የሚል ኤረር ያያል። ይህን ኤረር እወደዋለሁ። እውነቱን ነው የሚናገረው።

ሌላም አለ፦ ኢንስቶልን ልማድ አታድርጉት። ቬሪፋይ ከላይ ካሰራችሁ ሁሉንም ይሠራል፣ ይፈትናል፣ ማከማቻው ውስጥ ግን ምንም አያስቀምጥም። ነገ የሚያሳስት ጃር አይኖርም ማለት ነው።

በፍላሽ የመጣ ነጥብ ኤም ሁለት

ይህም የዚያው ችግር ዘመድ ነው። ኢንተርኔቱ ሲያስቸግር ማከማቻውን በፍላሽ መቀባበል እዚህ ከተማ የተለመደ ነው። አልቃወመውም፤ ብዙ ዳታ ያድናል። ግን ከውጭ ጃሮቹ ጋር የጓደኛችሁ የድሮ ኮርም አብሮ ይመጣል።

ሜክሲኮ አካባቢ አዲስ የተቀጠረ ልጅ ኮርን አንድም ቀን ቢልድ ሳያደርግ ሁለት ወር ዌብ ላይ ሠርቷል። "እኔ ጋር ይሠራል እኮ" ይላል። እውነቱን ነው፣ ይሠራል። የሚሠራው ግን ማከማቻውን የሰጠው ልጅ ኮር ላይ ነው። ሰጪው ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል። ልጁ የሚሠራው ሁሉ ማንም በማያውቀው ኮድ ላይ ነበር። ስናስተካክለው ዌብ ላይ ብዙ ቦታ ተሰበረና አንድ ሳምንት ወሰደብን።

ስለዚህ በፍላሽ ስትሰጡ የድርጅታችሁን ግሩፕ ፎልደር አውጡለት። ተቀባይም ከሆናችሁ መጀመሪያ እሱን ፈልጋችሁ አጥፉ።

ጃሩ ማከማቻው ውስጥ እያለ ማቨን "አላገኘሁም" ካለ ደግሞ፣ ከጃሩ ጎን ሪሞት ሪፖዚተሪስ የሚባል ትንሽ ፋይል አለ። ጃሩ ከየትኛው ሪፖዚተሪ (የጃር ማከማቻ) እንደወረደ የሚመዘግበው እሱ ነው። የሰጪው ቢሮ የራሱ ኔክሰስ (ለቢሮው ጃር የሚያከፋፍል ሰርቨር) ካለው ስሙ እናንተ ጋር ካለው አይገጥምም። ይህን ፋይል ሰርዙት። ፍላሹ ኮፒ ሳይጨርስ ከተነቀለ ደግሞ "ዚፕ ሄደር" የሚል ኤረር ይመጣል፤ የተቆረጠውን ጃር ፎልደሩን ሰርዛችሁ እንደገና አውርዱት።

ምልክት፦ ኔትወርኩ ተመለሰ፣ ማቨን ግን አሁንም አያወርድም

ማውረዱ አንዴ ካልተሳካ ማቨን ይህንን ላስት አፕዴትድ በሚል ፋይል ይመዘግባል። ጊዜው እስኪደርስ ዳግም አይሞክርም። ትልቁን ዩ (-U) ጨምሩና አሠሩ። እንቢ ካለ የዚያን ጃር ፎልደር አጥፉት። ቢሮ ውስጥ ከአምስት በላይ ሰው ካላችሁ አንድ ኮምፒውተር ላይ ኔክሰስ ጫኑ። አንድ ጊዜ የወረደ ለሁሉም ይደርሳል።

ምልክት፦ ክላሱ በዓይኔ እያየሁት "ፓኬጁ የለም" ይላል

ከላይ ኮምፓይል ሲባል ያልፋል፣ ኢንስቶል ሲባል ይወድቃል። የስፕሪንግ ቡት ፕለጊንን ፓረንቱ ላይ ለሁሉም ሞጁል ጭናችሁታል። ፕለጊኑ ኮርንም ራሱን ችሎ የሚነሳ ጃር ያደርገዋል። ክላሶቹንም ቡት ኢንፍ ወደሚባል ፎልደር ውስጥ ያዛውራቸዋል። ዌብ እዚያ ውስጥ አይፈልግም። ፕለጊኑን ከፓረንቱ አውጡና ዌብ ላይ ብቻ አድርጉት። ቨርዥኑን አንድ ቦታ መያዝ ከፈለጋችሁ ፓረንቱ ላይ ፕለጊን ማኔጅመንት ሥር ጻፉት።

ምልክት፦ ሲነሳ "ኖ ሰች ሜተድ" ብሎ ይሞታል

አንድ ላይብረሪ በሁለት ቨርዥን እየመጣባችሁ ነው። ማቨን አዲሱን አይመርጥም፤ ለፕሮጀክቱ የቀረበውን ይመርጣል፣ እኩል ከቀረቡ መጀመሪያ የተጻፈውን። ዲፔንደንሲ ትሪ (የትኛው ላይብረሪ በየትኛው በኩል እንደመጣ የሚያሳየው ትእዛዝ) አሠሩና ማን እንዳመጣው እዩ። ከዚያ ቨርዥኑን ፓረንቱ ላይ ዲፔንደንሲ ማኔጅመንት ውስጥ ወስኑ። በየሞጁሉ ቨርዥን አትጻፉ። እባካችሁ። ሦስት ሞጁል ላይ ሦስት ቨርዥን ጽፎ ለምን ተጋጨ የሚል ሰው በጣም ያናድደኛል።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥሙ፦

"ሳይክሊክ" የሚል ኤረር፦ ኮር ዌብን፣ ዌብ ኮርን ይፈልጋል። የጋራውን ወደ ሌላ ሞጁል አውጡት።

ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ሞጁሉ አይገኝም፦ የፎልደሩ ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፣ ፖሙ ላይ በትንሽ ተጽፏል።

501 የሚል መልስ፦ የድሮ ፖም ውስጥ የማቨን ሴንትራል (የማቨን ዋና የኢንተርኔት ማከማቻ) አድራሻ ኤስ በሌለው ኤችቲቲፒ ተጽፏል። ሴንትራል ከጃንዋሪ 2020 ጀምሮ ያን አይቀበልም።

የኮር የቴስት ክላሶች ለዌብ አይታዩም፦ ቴስት ጃር አድርጋችሁ ለብቻ አውጧቸው።

የመጨረሻው ከክፍያ አገናኝ ድርጅቶች በፍላሽ ወይም በኢሜይል የሚመጣው ጃር ነው። ፖም የለው፣ ቨርዥን የለው፣ አንዳንዴ ስሙ "ፋይናል ሁለት" ነው። ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ጃር እንዲህ መላክ አይገባም። የሚቀበሉት ደግሞ ሊብ ፎልደር ውስጥ ይከቱትና ሲስተም ስኮፕ (ጃሩን ከፎልደር በቀጥታ የሚወስድ አማራጭ) ብለው ያገናኙታል። ኮምፓይል ይሆናል። ሰርቨር ላይ የሚጫነው ዋር ፋይል ውስጥ ግን አይገባም፣ ሰርቨር ላይ "ክላሱ የለም" ይላል። ሲስተም ስኮፕን ተዉት። ፕሮጀክቱ ውስጥ አንድ ፎልደር እንደ ፋይል ሪፖዚተሪ አዘጋጁ። ጃሩን ቨርዥን ሰጥታችሁ በማቨን ዲፕሎይ ፋይል ትእዛዝ እዚያ አስገቡት፣ ፓረንቱ ላይ ሪፖዚተሪውን ጻፉ። አዲስ ጃር ሲልኩላችሁ ቁጥሩን አሳድጉ፤ በድሮው ቁጥር ላይ ደርባችሁ አትጻፉ። ከደረባችሁ የጓደኞቻችሁ ማሽን አዲሱን አያወርደውም፣ እኔም ጃር ልፈታ ተመልሼ እመጣለሁ።