የሴንት ጆንስ ዎርት ቀይ ዘይት እንዴት ይዘጋጃል?

የኛ ቅዱስ ዮሐንስ ከአደይ አበባ ጋር መስከረም 1 ይመጣል። አውሮፓውያን የመጥምቁ ዮሐንስን ልደት የሚያከብሩት ጁን 24 ነው። የነሱም ቢጫ አበባ በዚያው ሰሞን በየመንገዱ ዳርና በየሜዳው ይፈካል፤ ሴንት ጆንስ ዎርት ይሉታል። ከጀርመን እስከ ባልካን አበባውን ዘይት ውስጥ ዘፍዝፈው ለዛለ ጡንቻ፣ ለበለዘ ቦታና ለትንንሽ ጭረት ይቀቡታል።

ዋናው ሥራ ተክሉን መለየት ነው። ሜዳ ላይ ቢጫ አበባ ሞልቷል። ይሄኛው አምስት የአበባ ቅጠሎች አሉት፤ ጠርዛቸው ላይ ጥቃቅን ጥቁር ነጥቦች ይታያሉ። አገዳውን ሲዳብሱት ሁለት ቀጫጭን ሸንተረሮች ጣት ላይ ይሰማሉ። አረንጓዴውን ቅጠል ወደ ብርሃን ከፍ ሲያደርጉት በመርፌ የተወጋጋ ይመስላል። ከዚያ ያልፈነዳ እምቡጥ በጣትዎ ይጨፍልቁ። ጣትዎ ወይን ጠጅ መሰለ? አገኙት። ካልሆነ ይተዉት።

ጤዛው ከደረቀ በኋላ፣ ከመኪና መንገድ ራቅ ብለው አበባውንና እምቡጡን ብቻ ይልቀሙ። ለንቦቹም ይተዉላቸው እንጂ! አይጠቡት። ጨርቅ ላይ አስጥተው ለጥቂት ሰዓታት ጠውለግ ይበል። ውሃ ካለበት ይሻግታል፤ ብዙ ሰው የሚበላሽበት እዚህ ጋ ነው።

ደረቅ የመስታወት ዕቃ ውስጥ ሳይጠቀጥቁ ይሙሉት። አበባው እስኪሸፈን የወይራ ዘይት ያፍስሱ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አፉን በስስ ጨርቅ ይሰሩት፣ እርጥበቱ ይውጣ። ከዚያ ከድነው ፀሐይ የሚያገኝ መስኮት ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያቆዩት፤ በየቀኑ ወዝወዝ ያድርጉት። ዘይቱ ቀስ በቀስ ይቀላል። በጨርቅ አጥልለው ያሳድሩት። ታች ውሃ ከዘቀጠ እሱን ትተው የላዩን ጥቁር ጠርሙስ ውስጥ ይገልብጡ።

የተቀባ ቆዳ ፀሐይ ላይ አይዋል። ድሮ ለቃጠሎም ይቀቡት ነበር፤ ትኩስ ቃጠሎ ግን የሚፈልገው ቀዝቃዛ ውሃ እንጂ ዘይት አይደለም።

ዘይቱ ለቆዳ ብቻ ነው። ተክሉ በሻይና በክኒን መልክ ለድብርት ይሸጣል፣ እዚያ ላይ ቀልድ የለም። ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። የወሊድ መከላከያ ክኒን፣ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ዋርፋሪንና አንዳንድ የኤችአይቪ መድኃኒቶች ኃይላቸው ይቀንሳል። ከድብርት መድኃኒት ጋር መቀላቀሉ ደግሞ አደገኛ ነው። «ቅጠል ምን ይጎዳል» ብለው እንዳይጠጡት፤ መጀመሪያ ፋርማሲስት ያማክሩ።