ልጃችሁ የቤቱን መኪና ሊነዳ ነው? ከቁልፉ በፊት ኢንሹራንሱን አስተካክሉ

መንጃ ፈቃድ የወጣ ቀን ቤቱ ሁሉ ደስ ይለዋል። ካርዱ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ ፎቶው ይሳቅበታል። ማታ ላይ ጥያቄው ይመጣል፦ «ነገ መኪናዋን ልውሰዳት?» አብዛኞቻችን «ቀስ ብለህ ንዳ» ብለን ቁልፉን እንሰጣለን። እባካችሁ አንድ ቀን ብቻ ታገሱ። መኪናዋ ኢንሹራንስ አላት ማለት ልጁ ሲነዳትም ኢንሹራንሱ ይሠራል ማለት ላይሆን ይችላል።

መጀመሪያ ውሉን አውጡና አንብቡት

መኪናው ውስጥ የምታስቀምጧት አንዷ ገጽ አትበቃም። ብዙ ገጽ ያለውን፣ ፊርማ ያረፈበትን ዋናውን ውል ፈልጉ። እዚያ ውስጥ ማን መንዳት እንደሚችል የሚናገር አንቀጽ አለ። አንዳንዱ ውል ባለቤቱ የፈቀደለትን፣ መንጃ ፈቃድ ያለውን ሰው ሁሉ ይቀበላል። አንዳንዱ ስማቸው የተጻፈውን ብቻ። ሌላው ደግሞ ማንም ይንዳ ይልና ዕድሜና ልምድ ላይ ገደብ ያስቀምጣል።

የእህቴ ልጅ መንጃ ፈቃድ ካወጣች በሦስተኛ ወሯ የእናቷን ውል ጠረጴዛ ላይ ዘርግተን አብረን አነበብነው። ዕድሜው ከ25 ዓመት ያላነሰ፣ ቢያንስ የ2 ዓመት የመንዳት ልምድ ያለው አሽከርካሪ ይላል። እሷ 19 ዓመቷ ነው። በአንዲት ዓረፍተ ነገር ሁለት ጊዜ ከውሉ ውጭ ሆነች፣ በዕድሜም በልምድም። ያቺን መስመር ሳናያት ቢሆን ኖሮ በማግስቱ መኪናውን ይዛ ትወጣ ነበር።

እግረ መንገዳችሁን የሽፋኑን ዓይነት እዩ። የሦስተኛ ወገን ብቻ ከሆነ የሚከፍለው ሌላው ሰው ላይ ለደረሰ ጉዳት ነው፤ የእናንተ መኪና ብትደቅ ጥገናው ከኪሳችሁ ነው። ገና ለሚለማመድ ልጅ ሙሉ ሽፋን ቢኖር ይመረጣል። በብዙ አገር ደግሞ መድን ድርጅቱ ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ፣ አሽከርካሪው ከውሉ ውጭ ከነበረ፣ ገንዘቡን ከባለመኪናው መልሶ ሊጠይቅ ይችላል። ስለዚህ «ሦስተኛ ወገን አለን፣ ምንም አንሆንም» ብሎ መተማመን አያዋጣም።

ከዚያ ልጁ መኪናውን ምን ያህል እንደሚይዝ ተነጋገሩ

በሁሉም ነገር ላይ ለውጥ የሚያመጣው ይህ ነው። በወር አንዴ ሁለቴ ከሆነ፣ አንዳንድ ድርጅቶች ለቀናት ወይም ለሳምንታት ብቻ የሚሆን ጊዜያዊ ሽፋን ይሸጣሉ። እየቆየ የሚዋስ ከሆነ ስሙን በወላጁ ውል ላይ እንደ ተጨማሪ አሽከርካሪ ማስገባት ይሻላል። በየቀኑ ትምህርት ቤት ወይም ሥራ የሚሄድበት ከሆነ ግን ዋናው አሽከርካሪ እሱ ነው፣ ውሉም እንደዚያ መጻፍ አለበት።

እዚህ ላይ ብዙ ቤተሰብ ይሳሳታል። ክፍያው እንዲቀንስ ብለው አባትየውን ዋና አሽከርካሪ፣ ልጁን «አልፎ አልፎ የሚነዳ» ብለው ያስመዘግባሉ፤ እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። መድን ድርጅቶች ይህን እንደ ማጭበርበር ነው የሚያዩት። አደጋ ሲደርስ መኪናው የት እንደሚያድር፣ ማን በየቀኑ እንደሚይዘው ይጠየቃል፣ ይጣራል። ያኔ ካሳው ሊከለከል፣ ውሉ ሊሰረዝ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ቦታ ኢንሹራንስ መግባትም ይከብዳል። ዓመት ሙሉ አረቦን፣ ማለትም የኢንሹራንሱን ክፍያ፣ ከፍላችሁ፣ በምትፈልጉበት ቀን ባዶ እጃችሁን መቅረት ያማል። እውነቱን ተናገሩ።

አሁን ደውሉ ወይም ሂዱ

ስሙን ልክ መንጃ ፈቃዱ ላይ እንዳለ፣ የልደት ቀኑን፣ የመንጃ ፈቃዱን ቁጥርና ደረጃ፣ የወጣበትን ቀን ይዛችሁ ቅረቡ። ከዚህ በፊት አደጋ ወይም የትራፊክ ቅጣት ካለበት አትደብቁ። መኪናው ለምን እንደሚያገለግልም ንገሯቸው። የቤት መኪና ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ ለግል አገልግሎት ብቻ ነው፤ ልጁ እግረ መንገዱን ሰው በክፍያ ካሳፈረ ወይም ዕቃ እያደረሰ ገንዘብ ከሠራ ሽፋኑ ሊቀርበት ይችላል። ወጣቶች በዚህ በኩል በብዛት ይሳሳታሉና ለልጁም በግልጽ ንገሩት።

ገና መንጃ ፈቃድ ሳያወጣ በእናንተ መኪና የሚለማመድ ከሆነም ይህንኑ ጠይቁ። ለማጅን የሚሸፍን ውል አለ፣ የማይሸፍንም አለ።

ዋጋው ሲነገራችሁ መደንገጣችሁ አይቀርም። ምክንያት አለው። አዲስ አሽከርካሪ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ወራት አደጋ የማድረስ ዕድሉ ከፍ ያለ ነው፤ ሌሊት ሲነዳና መኪናው በጓደኞች ሲሞላ ደግሞ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉ ልጆችንና ወጣቶችን ከሁሉም በላይ የሚገድለው የመንገድ አደጋ ነው። ይህን ስጽፍ ሰውነቴን ይቀፈኛል፣ ለዚህ ነው ነገሩን ከገንዘብ በላይ የማየው።

ክፍያውን የሚቀንስ ነገር ካለ ጠይቁ። ተጨማሪ የአነዳድ ሥልጠና፣ ፍጥነትንና ፍሬን አያያዝን የሚመዘግብ መሣሪያ ወይም የስልክ መተግበሪያ፣ አነስተኛ ሞተር ያለው መኪና፤ ድርጅቱ ከተቀበላቸው ይረዳሉ። ቤት ውስጥ ሁለት መኪና ካለ ልጁን ትንሿ ላይ ብቻ አስመዝግቡት።

ኤክሰሱን ሳትጠይቁ እንዳትፈርሙ

ኤክሰስ ከጉዳቱ ላይ ራሳችሁ የምትሸፍኑት ድርሻ ነው። ለወጣት አሽከርካሪ ብዙ ጊዜ በመደበኛው ላይ ሌላ ይጨመርበታል። ለምሳሌ ጥገናው 30 ሺህ ቢያወጣ፣ መደበኛው ኤክሰስ 3 ሺህ፣ የወጣቱ ጭማሪ 5 ሺህ ቢሆን፣ 8 ሺህ ከእናንተ ይወጣል፣ ድርጅቱ 22 ሺህ ይከፍላል። አረቦኑ ርካሽ የሆነ ውል ኤክሰሱ ላይ ሊያካክሰው ይችላል። ሁለቱን አብራችሁ መዝኑ።

ወረቀቱን በእጃችሁ ያዙ

ስልክ ላይ «ችግር የለም፣ ይንዳ» መባሉ ማስረጃ አይሆንም። ኢንዶርስመንት የሚሉትን የውል ማሻሻያ ወረቀት ጠብቁ። ስሙ በትክክል ተጽፏል? ሽፋኑ ከየትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት ይጀምራል? የሰሌዳ ቁጥሩስ? ወረቀቱ ካልመጣ ቁልፉም አይሰጥም።

ቤት ውስጥም ተስማሙ

ልጁ መኪናውን ቢያጋጭ የካሳ ጥያቄው የሚመዘገበው በባለውሉ ላይ ነው። ለዓመታት ያለ አደጋ በመንዳት ያገኛችሁት ቅናሽ ሊቀንስ ወይም ሊጠፋ ይችላል። ኤክሰሱን ማን ይከፍላል? ለጓደኛው መኪናውን ማስያዝ ይችላል? አይችልም በሉት፣ ውሉ ላይ የተጨመረው የእሱ ስም እንጂ የጓደኛው አይደለም።

አንድ ነገር ግን ከሁሉም በላይ አደራ እላለሁ። ኋላ ማርሽ አስገብቶ ፓራውልቱን ግንብ ጋር ቢያጋጨው፣ ስፖኪዮ ቢሰብር፣ መጥቶ ለመናገር የማይፈራ ይሁን። ብዙ ውል አደጋ በተወሰነ ጊዜ ውስጥ እንዲነገር ያስገድዳል፤ ልጁ ፈርቶ አንድ ሳምንት ከደበቀው መብታችሁ ሊያልፍ ይችላል። ሲደውልላችሁ ስለ መኪናው ከመጠየቃችሁ በፊት «አንተ ደህና ነህ?» በሉት።

አደጋ ሲደርስ ምን ማድረግ እንዳለበትም አስቀድማችሁ አስጠኑት። መኪናውን ያቁም፣ የተጎዳ ሰው ካለ እርዳታ ይጥራ፣ ለፖሊስ ያሳውቅ። ፎቶ ያንሳ፣ የሌላውን አሽከርካሪ ስም፣ ሰሌዳና የኢንሹራንስ መረጃ ይመዝግብ። «ጥፋቱ የኔ ነው፣ እከፍላለሁ» ብሎ መንገድ ላይ እንዳይዋዋል። የመድን ድርጅቱ ስልክ ቁጥር በስልኩም፣ መኪናው ውስጥ በወረቀትም ይኑር፤ ስልክ ባትሪ ይጨርሳል።

ዓመቱ ሞልቶ ውሉ ሲታደስ ልጁ ያለ አደጋ መንዳቱን አንስታችሁ ክፍያው እንደገና እንዲታይ ጠይቁ። ከቤት ወጥቶ የራሱን መኪና ሲይዝ ደግሞ ስሙን ከውሉ አስወጡ፤ አለዚያ ለማይነዳው መኪና አረቦን እየከፈላችሁ ትቆያላችሁ።