ከልጆች ጋር ወደ ኮንኮርድ፦ የጥቅምቱን የአንድ ቀን ጉዞ እንዴት እናዘጋጅ?

ቦስተን አካባቢ የምትኖሩ፣ ወይም ዘመድ ልትጠይቁ በጥቅምት የመጣችሁ፣ አንድ ቅዳሜ ለኮንኮርድ ስጡ። ከቦስተን 20 ማይል ያህል የምትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ታዋቂዎቹ የ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካዊ ደራሲዎች ኤመርሰን፣ ቶሮ፣ ሆቶርንና ሉዊዛ ሜይ ኦልኮት እዚያ ኖረው እዚያው ተቀብረዋል። የኖሩባቸው በርካታ ቤቶች ዛሬም ይጎበኛሉ። ሁሉንም እናዳርስ ካላችሁ ግን ልጆቹ ሁለተኛው ቤት ላይ ያኮርፋሉ። አንድ ኩሬ፣ አንድ ቤት፣ አንድ መካነ መቃብር ይበቃል።

ሳምንት ሲቀረው

ሉዊዛ የኖረችበትን የኦርቻርድ ሃውስን ቲኬት ቀድማችሁ ያዙ። ቤቱ የሚታየው በአስጎብኚ ብቻ ነው፤ በጥቅምት ደግሞ ሰው ይበዛል። ልጆቹ የሉዊዛን ልቦለድ «ሊትል ዊመን»ን ካላነበቡ በ2019 የወጣውን ፊልም አብራችሁ እዩ። ታሪኩን ሳያውቁ ከሄዱ አሮጌ ወንበር አይተው ነው የሚመለሱት።

መኪና ከሌላችሁ ከኖርዝ ስቴሽን የፊችበርግ መስመር ባቡር ያደርሳችኋል። ዋልደን ኩሬ ግን ከባቡር ጣቢያው በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ነው። ትንንሽ ልጆች ካሉ በመኪና ይሻላል።

ጠዋት፦ ዋልደን ኩሬ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት (በአሜሪካኖቹ 9) በፊት ድረሱ። ፓርኪንጉ ከሞላ በሩ ይዘጋል፤ ልመናም አይሠራም። የማሳቹሴትስ ታርጋ ላለው መኪና 8 ዶላር፣ ለሌላ ስቴት ታርጋ 30 ዶላር ያስከፍላሉ። በኪራይ መኪና የምትመጡ ታርጋውን ቀድማችሁ እዩት። ውሻም አይገባም።

መጀመሪያ ወደ ውሃው አትሩጡ። ፓርኪንጉ አጠገብ የቶሮ ጎጆ አምሳያ አለ፤ ልጆቹን እሱ ውስጥ አስገቧቸው። ቶሮ በ1845 ሐምሌ ወር ገብቶ ከሁለት ዓመት በላይ የኖረው በዚህችው በምታክል፣ ሦስት በአራት ሜትር ተኩል ገደማ በሆነች ቤት ነው። አልጋ፣ ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ምድጃ፤ ሌላ ብዙም የለም። «አንተ እዚህ ለመኖር ምን ይዘህ ትመጣ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ብዙ ጨዋታ ይወጣዋል። ብቻውን ጫካ የገባ መናኝ አድርጋችሁ ግን አታውሩላቸው፤ የእናቱ ቤት በእግር የሚደረስ ነበር፣ እየሄደም ይበላ ነበር። እኔ ይሄን ስሰማ ነው ሰውዬውን የወደድኩት።

ከዚያ ኩሬውን ዙሩ። 1.7 ማይል ገደማ ነው፣ በልጅ እግር አንድ ሰዓት ተኩል ያዙለት። በሰሜኑ ዳርቻ ዋናው ጎጆ የነበረበት ቦታ በድንጋይ ምሰሶ ተከልሏል። አጠገቡ ጎብኚዎች ያኖሩት የድንጋይ ክምር አለ። የቅጠሉ ቀለም አብዛኛውን ጊዜ የሚደምቀው ከፈረንጆቹ ኦክቶበር አጋማሽ ጀምሮ ነው።

ምሳ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ። ከሰል ማቀጣጠል ክልክል ስለሆነ «በጥቅምት አንድ አጥንት» የሚል ካለ እቤት ጠብሶ ይምጣ። ሻይ በፔርሙዝ አትርሱ፤ ውሃው ዳር ይበርዳል።

ከሰዓት፦ ኦርቻርድ ሃውስ

ሉዊዛ «ሊትል ዊመን»ን በ1868 የጻፈችው እዚህ ነው። አባቷ የሠራላትን ትንሽዬ ግማሽ ክብ ጠረጴዛ ታያላችሁ። ይቺን ታህል እንጨት ላይ ያ ሁሉ መጽሐፍ መጻፉ ይገርማል። ታናሽ እህቷ ሜይ ግድግዳው ላይ የሣለቻቸው ሥዕሎችም እስካሁን አሉ። እናቶች ግድግዳ ላይ ስለመሞነጫጨር የሚነሳውን ክርክር ቀድማችሁ አስቡበት! ውስጥ ፎቶ ማንሳት አይፈቀድም።

ልጆቻችሁ በዳቦ የሚወዱት ሐምራዊ የወይን ጄሊ ካለ፣ ኮንኮርድ የሚባለው የወይን ዝርያ በ1849 የተገኘው በዚሁ መንገድ ላይ፣ ብዙም ሳይርቅ ነው።

ማምሻ፦ ስሊፒ ሆሎው

ጭንቅላት የሌለው ፈረሰኛ የሚነገርለት ስሊፒ ሆሎው ኒው ዮርክ ነው፤ ልጆቹ ተስፋ እንዳያደርጉ ቀድማችሁ ንገሯቸው። የኮንኮርዱ መካነ መቃብር ነው፣ መግቢያውም ነፃ። «ኦተርስ ሪጅ» (የደራሲዎች ኮረብታ) የሚለውን ምልክት ተከትላችሁ ኮረብታውን ውጡ። የቶሮ ድንጋይ ትንሽ ናት፣ «ሄንሪ» ብቻ ይላል። ቤተሰቡ እርሳስ ፋብሪካ ስለነበረው ሰዎች እርሳስ ያኖሩለታል። ለየልጁ አንዳንድ እርሳስ ይዛችሁ ሂዱ።

ጉልበት ከተረፈ በ1775 የአሜሪካ የነፃነት ጦርነት ከጀመረባቸው ቦታዎች አንዱ የሆነው ኖርዝ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ቅርብ ነው። ፀሐይ ግን ከ12 ሰዓት ብዙም አታልፍም። ልጆቹ ከደከሙ ድልድዩን ለሌላ ጊዜ ተዉት።