ካመመሽ ፈቃድ ውሰጂ

ኮምቦልቻ ስፌት ላይ ነው የምሠራው። አንድ ክረምት ወባ ይዞኝ ሦስት ቀን እየተንቀጠቀጥኩ ሰፋሁ። «ትለግማለች» እንዳይሉኝ ብዬ። በሦስተኛው ቀን መርፌው ጣቴን ወጋው፤ ነጩ ሸሚዝ በደም ተነከረ። አንቺ እንዲህ እንዳታደርጊ፣ እህቴ።

ከቀረሽበት ቀን ማግስት ሳያልፍ ለአለቃሽ አሳውቂ። እኔ በስልክ መልእክት እጽፋለሁ፤ ሰዓቱ ይመዘገባላ። ከዚያ እውቅና ካለው ጤና ተቋም የሐኪም ወረቀት ያዢ። ማህተሙን ሳታዪ እንዳትወጪ! እኔ አንዴ ለማህተም ብቻ በትኩሳት ተመልሻለሁ። ፎቶ አንስተሽም አስቀሪው።

ለደመወዙ አብሽሪ። የሙከራ ጊዜሽን ከጨረስሽ፣ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የመጀመሪያው ወር ሙሉ ይከፈላል፣ ቀጣዮቹ 2 ወራት ግማሽ። ከዚያ በኋላ እስከ 3 ወር ያለ ክፍያ ነው። አለቃሽ ፊቱን ቢያጠቁርም ወረቀቱን ስጪውና ቤትሽ ገብተሽ ተኚ።